አደራ የተሰጠ ሲራ፦ ከዝዋይ እስከ አጅባር

በዚህ ዓምድ ስለ ሕግና ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ ምርጫና ስለ ኑሮ ውድነት ስሞነጫጭር የኖርኩ ሰው ዛሬ ስለ ቀይ ወይን ጠጅ ልጽፍ ስነሳ «ሰውየው ደላው እንዴ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አልደላኝም። ነገሩ ግን የሁለት ጠርሙስ ጉዳይ ሆኖ ሳለ ከጠርሙሱ ያለፈ ጥያቄ ስላስነሳብኝ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ጥያቄው ይህ ነው፦ ገና ወጣትና ኃይለኛ የሆነን ነገር «ይህ ይከርማል፣ ይህ አይከርምም» ብለን የምንፈርደው በምን ማስረጃ ነው?

ታሪኩን ከመነሻው ላውራው። በጥር 2013 ዓ.ም. ለጥምቀት ወደ አጅባር ስሄድ ሦስት ጠርሙስ የዝዋይ ሲራ ይዤ ነበር። አንዱን ለበዓሉ ጠጣነው። ምላስ የሚይዝ፣ ደረት የሚነፋ ጎረምሳ ወይን ነበር። «ይህ ቢቆይ ምን ይሆን?» የሚል ሐሳብ መጣብኝና የቀሩትን ሁለቱን አክስቴ ጓዳ ውስጥ፣ ከወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ሥር፣ በጭድ ጠቅልዬ አጋደምኳቸው። «በሦስት ዓመት መጥቼ እከፍታቸዋለሁ» አልኳቸው። አክስቴ ዕድሜ ልካቸውን ጠጅ የጣሉ ሴት ናቸውና አልተገረሙም። «አንተ ብቻ ና» አሉኝ።

ሦስት ዓመቱ እንዳሰብኩት አልሄደም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ አክስቴ ቤታቸውን ዘግተው፣ ቁልፉን ለጎረቤታቸው ለሐጂ አስረክበው አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ መጥተው ነበር። ነገሩ ሲረጋጋ ተመለሱ። እኔ ዛሬ ነገ ስል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ወደ ምዕራብ ወሎ ደጋ ለመሄድ መኪናና ነዳጅ ብቻ የሚበቃ አልሆነም፤ ያንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዘንድሮ መንገዱ ፋታ ባገኘበት አንድ ሳምንት ሄድኩ። በእጄም አዲስና ወጣት የዝዋይ ሲራ ይዤ ነበር፤ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ላቀርበው።

ከሁለቱ ጠርሙሶች አንዱ ጓዳ ሲጠረግ ተሰብሯል። አንዱ ግን እንዳጋደምኩት ጠበቀኝ። ጭዱን ያልነኩት፣ ቁልፉን የያዙት፣ በዚያ ሁሉ ወራት በየጊዜው ገብተው ጣሪያው እንዳያፈስ ያዩት ደግሞ ወይን በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሐጂ ናቸው።

ሲራ ማን ነው?

ለማያውቀው አንባቢ ሲራን ላስተዋውቅ። ሲራ በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ በሮን ወንዝ ሸለቆ የከበረ ጥቁር የወይን ዝርያ ነው። አውስትራሊያውያን ሺራዝ ይሉታል። በስሙ የተነሣ ከፋርሷ ሺራዝ ከተማ የመጣ ነው የሚል ተረት ለረጅም ጊዜ ሲነገር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1998 ግን የዘረመል ምርመራ ወላጆቹ ዱሬዛና ሞንዱዝ ብላንሽ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ ዝርያዎች መሆናቸውን አሳየ። የአባትነት ክርክሩ እንደ ዛሬው ፍርድ ቤት በዲኤንኤ ተዘጋ ማለት ነው።

ወደ እኛ አገር የመጣው በቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን የገዛው የፈረንሳዩ ካስቴል፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ዝዋይ (ዛሬ ባቱ) አካባቢ ከመቶ ሄክታር በላይ መሬት ላይ ከቦርዶ ያስመጣውን ችግኝ ተከለ። ሜርሎ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሲራና ነጩ ሻርዶኔ ናቸው። እርሻው ከጉማሬና ከጅብ እንዲጠበቅ ዙሪያው ቦይ ተቆፈረለት። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ሪፍት ቫሊና አካሲያ በሚሉ ስሞች እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ ዋሉ። ሐይቁ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ አሸዋማው አፈርም ውኃ አይቋጥርም። ለወይን ይህ መልካም ነው።

ከዚያ በፊትስ? ከዚያ በፊት የአዋሽ ወይን ጠጅ ዘመን ነበር። ጉደርን በኮካ በርዞ ያልጠጣ፣ አክሱሚትን ለሠርግ ያልገዛ የእኔ ትውልድ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ሲዞር ከገዢዎቹ አንዱ ቦብ ጌልዶፍ በሊቀ መንበርነት የሚመራው 8 ማይልስ የተባለ ፈንድ ነበር። በ1977ቱ ረሃብ ለወሎ ሕዝብ ዘፋኞችን ያሰባሰበው ሰው ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ በወይን ጠጅ ንግድ ተመለሰ። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ይቀልዳል።

ወጣቱን እንዴት እንፈትነው?

አብዛኛው የዓለም ወይን የሚጠመቀው በአንድ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ነው። መክረም የጥቂቶች ዕድል ነው። ሲራ ግን ከእነዚያ ጥቂቶች መካከል ሊቆጠር ይችላል። በሮን ሸለቆ ከኤርሚታዥ ኮረብታ የሚመጣው ጥሩ ሲራ በአሥርተ ዓመታት ይቆጠራል፤ ተራው ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይበቃዋል።

ልዩነቱን የሚፈጥሩት አራት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ታኒን ነው፤ ከፍሬው ቆዳና ዘር፣ እንዲሁም ከበርሜሉ እንጨት የሚመጣው፣ ድድና ምላስ የሚሰበስበው ነገር። ሁለተኛው ኮምጣጣነቱ ነው፤ ወይኑን ትኩስ አድርጎ የሚያቆየው እርሱ ነው። ሦስተኛው የፍሬው ብዛትና ጥልቀት፣ አራተኛው የአልኮሉ ልክ ነው። በጊዜ ብዛት ታኒኑና ቀለሙ እየተያያዙ ይከብዳሉ፤ ከፊሉ አተላ ሆኖ ይወርዳል፤ ወይኑም ይለዝባል። ቀለሙ ከሐምራዊ ወደ ጡብ ይሄዳል። የፍሬው ሽታም ቀስ በቀስ ለቆዳ፣ ለትንባሆና ለደረቅ ፍሬ ቦታ ይለቃል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኃይለኛ የሆነ ሁሉ የሚከርም ይመስለናል። አፍ የሚይዝ፣ ራስ የሚመታ ወይን ስንቀምስ «ይህማ ሃያ ዓመት ይቆያል» እንላለን። ታኒኑ ብዙ ሆኖ ፍሬው ትንሽ ከሆነ ግን ፍሬው ቀድሞ ያልቅና መራራው ብቻውን ይቀራል። ኮምጣጣነቱ ያነሰ ከሆነ ወይኑ ይዝላል። አልኮሉ ከሌሎቹ ከበለጠ ዛሬ የሚያቃጥለው ከአሥር ዓመት በኋላም ያቃጥላል። ስለዚህ የሚፈተነው ጉልበቱ ሳይሆን አራቱ ነገሮች ተመጣጥነው መገኘታቸው ነው።

ፍርዱ ቀላል እንዳልሆነ የአውስትራሊያው ግሬንጅ ይመሰክራል። የፔንፎልድስ ጠማቂ የነበረው ማክስ ሹበርት ቦርዶን ጎብኝቶ ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1951 በአብዛኛው ከሺራዝ ብዙ ዓመት የሚቆይ ወይን መሥራት ጀመረ። ወጣቱን ወይን የቀመሱት አዋቂዎች አጣጣሉት፤ አለቆቹም እ.ኤ.አ. በ1957 እንዲያቆም አዘዙት። ሹበርት ግን ሦስት ዓመት በድብቅ ጠመቀ። በኋላ የቀድሞዎቹ ጠርሙሶች በስለው ሲቀመሱ ትእዛዙ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራው በይፋ ቀጠለ። ዛሬ ግሬንጅ ከዓለም ውድ ወይኖች አንዱ ነው። አለቆቹን ያሳመናቸው የሹበርት ክርክር እንዳልሆነ ልብ በሉ። ያሳመናቸው የተቀመጠ ጠርሙስ ነው።

አጅባር ላይ የተሰየመው ችሎት

አጅባር ደጋ ነው። ማታ ከምድጃው የራቀ ሰው ጋቢ ደርቦም ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያውን ምሽት የከፈትኩት ወጣቱን ነበር። ቀለሙ ወደ ጥቁር የቀረበ ሐምራዊ ነው፤ ብርጭቆውን ሳዘነብለው ጠርዙ ድረስ አይሳሳም። እንጆሪና ፕሪም ሸተተኝ፤ ከኋላ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ አለ። ይህ የቁንዶ በርበሬ ሽታ የቀማሽ ቅዠት አይደለም። ሮተንደን የሚባል ንጥረ ነገር ቁንዶ በርበሬውም ውስጥ ሲራውም ውስጥ እንዳለ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 አረጋግጠዋል።

አፌ ውስጥ ግን ወይኑ እንደ ቡጢ ተጨበጠብኝ። አክስቴ አንድ ጊዜ ተጎነጩና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ጌሾው በዝቶበታል» አሉ።

ሳቅኩ፤ ከዚህ የተሻለ የታኒን ትርጉም ግን በአማርኛ ሰምቼ አላውቅም። ጠጅ የሚጥል ሰው ጌሾ ሲበዛ ምን እንደሚሆን፣ ሲያንስ ደግሞ ጠጁ እንዴት እንደሚበላሽ ያውቃል። መራራው ለጊዜው ያስቸግራል እንጂ ጠባቂም ነው። ቀጥለው «እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ምን ይታወቃል? ወደ እሳቱ አቅርበው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቅዝቃዜ የታኒኑን ኃይል ያጎላል። ጥቂት ስናሞቀው ፍሬው ብቅ አለ፤ አብዝተን ስናቀርበው ደግሞ አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫ መታን። እንዲያ እያልን ልኩን አገኘነው።

ግማሹን ቡሹን መልሼ አስቀመጥኩት። ይህ የቀማሾች የቆየ ዘዴ ነው፤ ተከፍቶ ያደረ ወይን በማግስቱ ከተሻለ ገና ዕድሜ አለው ይባላል። በሁለተኛው ምሽት በእርግጥም ለዘበ፤ ቁንዶ በርበሬው ጎላ፤ ጭብጡም ላላ። በሦስተኛው ግን ፍሬው ደክሞ ሙቀቱ ብቻ ቀረ። ይህ ለእኔ ግማሽ መልስ ነበር፦ ይቆያል፣ ብዙ ግን አይቆይም።

አሮጌውን የከፈትኩት በዚያው በሦስተኛው ምሽት ነው። ሐጂም ነበሩ፤ በእጃቸው አክስቴ ለእርሳቸው የበረዙት ብርዝ አለ። ሳላናውጥ ቀዳሁት፤ ከታች ቀጭን አተላ ወርዷል። ጠርዙ ወደ ጡብ ቀለም ዞሯል። ቆዳ፣ ትንባሆና ዘቢብ ይሸታል። ያ በ2013 ዓ.ም. ድዴን የያዘው ታኒን ለስልሶ እንደ ነጠላ ሆኗል። ጣዕሙ ግን ከዋጥኩት በኋላ ብዙ አልቆየም።

አክስቴ ሁለት ጊዜ ተጎነጩ። «ይሄኛው ሰው ሆኗል» አሉ። ከዚያም ብርጭቆውን አስቀምጠው «ከዚህ በላይ ግን አታቆየው» ብለው ጨመሩ።

የእኔም ፍርድ ከእርሳቸው ብዙ አይርቅም። የዝዋይ ሲራ በቀዝቃዛና በጨለማ ቦታ ከተጋደመ አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ዓመት ተሽሎ ሊቆይ ይችላል ባይ ነኝ። ታኒኑ በቂ ነው፤ ፍሬውም አለ፤ ከአሥር ዓመት የሚያግደው ኮምጣጣነቱ ለስለስ ማለቱና አልኮሉ ሞቅ ማለቱ ነው። ሞቃት አገር የሚበቅል ወይን ሁሉ የሚታገለው ከዚሁ ጋር ነው።

አንድ ምስክር ብቻ

እንደ ሕግ ሰው ግን የራሴን ፍርድ ራሴው መቃወም አለብኝ። ማስረጃዬ አንድ ጠርሙስ ነው። ወጣቱና አሮጌው የተለያየ ዓመት ምርት ናቸው። ስለዚህ አሮጌው በወጣትነቱ እንደ ዛሬው ወጣት ነበር ብዬ ልምል አልችልም፤ ያለኝ የአምስት ዓመት ትዝታ ብቻ ነው። ለምን? በአንድ ምሽት የ2008ን፣ የ2010ን፣ የ2012ን ሲራ ጎን ለጎን ቀምሶ የጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ አንብቤ ስለማላውቅ። በፈረንሳይና በአውስትራሊያ ጠማቂው ከየዓመቱ ምርት ጥቂት መቶ ጠርሙስ ለይቶ ያስቀምጣል። ይህ የእርሱ መዝገብ ቤት ነው። በየጊዜው ይከፍታል፣ ይቀምሳል፣ ይጽፋል። «ይህ አሥር ዓመት ይቆያል» ሲል የሚጠቅሰው ፋይል አለው።

እኛ ዘንድ ጠርሙሱ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የሚደርስበትን ደግሞ ሁላችንም እናያለን። ስሙን የማልጠራው አንድ የአዲስ አበባ መደብር ውስጥ ለስጦታ የገዛሁት ወይን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ላይ ቆሞ የከረመ ነበር። ስከፍተው ቡሹ ደርቆ ተፈረፈረ፤ ወይኑም የተቀቀለ ፍሬ ሸተተ። ሻጩን ሳነጋግረው «ወይን እኮ ሲቆይ ነው የሚጥመው» አለኝ። መክረምና መበላሸት አንድ እየመሰሉን ነው።

ለምን አናከርምም?

ማክረም የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። እህል በጎተራ፣ ብራና በዕቃ ቤት አቆይተናል። በወይን ላይ ግን ልማዱ የለንም። ጠጅና ጠላ በሳምንታት ውስጥ የሚጠጡ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን የቁርባን ወይን እንኳ ለቅዳሴው ዘቢብ ተዘፍዝፎና ተጨምቆ የሚዘጋጅ እንጂ የሚከርም አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። መጋዘን ውስጥ የተጋደመ ጠርሙስ የታሰረ ገንዘብ ነው፤ ዋጋ በየወሩ በሚንርበት አገር ገንዘቡን ለአምስት ዓመት የሚያስር ነጋዴ ማግኘት ይከብዳል። ገበያውም አላስገደደም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ሲወስን የአልኮል መጠጦችም ተካተው ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ሲደረግ እገዳው ቢነሣም ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። የውጭው ወይን በእገዳ ወይም በዋጋ ሲርቅ የአገሩ ጠማቂ ያለው ሁሉ ወጣት ሳለ ይሸጥለታል። ታዲያ ምን በወጣው ያቆያል? እኔ ጠማቂውን አልወቅስም። ግን ከየዓመቱ ምርት ጥቂት ካርቶን መለየት ፋብሪካ አያከስርም፤ ያለዚያ ግን የዝዋይ ሲራ ምን ያህል እንደሚቆይ ከሃያ ዓመት በኋላም በግምት ነው የምናወራው።

ሦስተኛው ምክንያት ግን ከሁሉም ይከብዳል። ጠርሙስ ማስቀመጥ «ከአምስት ዓመት በኋላ ወደዚህ ቤት እመለሳለሁ፣ ቤቱም በቦታው ይኖራል» ብሎ መወራረድ ነው። በወሎ ይህን ውርርድ መወራረድ ቀላል ሆኖ አያውቅም። ከአጅባር ብዙም የማይርቀው መቅደላ አምባ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ያሰባሰቡት የብራና ክምችት እ.ኤ.አ. በ1868 በእንግሊዝ ጦር ተጭኖ ሄደ። እዚያ የጠፋው የማስቀመጥ ዕውቀት አልነበረም፤ ያስቀመጡትን የሚጠብቅ ሰላም ነው። ዛሬም ለአምስት ዓመት የሚያቅድ ገበሬ፣ ነጋዴም ሆነ ተማሪ በዚያ ደጋ ላይ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከመካነ ሰላም የመጣው የአክስቴ የልጅ ልጅ፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ «ጋሼ፣ እኔ የምመረቅበትን ዓመት እንኳ እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም፣ አንተ ስለ ወይን ትቀጥራለህ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ልጁ ሌላም ጠይቆኛል፤ «ወይኑ እዚህ ለምን አይተከልም?» አለ። ለሲራ አጅባር ይቀዘቅዛል፤ ፍሬው አይበስልም። ለሚከርም ጠርሙስ ግን ያ ቅዝቃዜ፣ ያ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ያ ጨለማ ጓዳ ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ነው። ወይን በአንድ ቦታ በቅሎ በሌላ ቦታ ቢከርም ነውር የለበትም። የቆላውን ፍሬ ደጋው ሊጠብቅለት ይችላል፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ አደራ የደነገጋቸውን አንቀጾች ተማሪ ሳለሁ በቃሌ አጥንቼአለሁ። ሐጂ አላነበቧቸውም። በእምነታቸው የማይነኩትን መጠጥ፣ ባለቤቱ ይመለስ አይመለስ በማይታወቅበት ጊዜ፣ እንደተጋደመ አቆዩት። ላመሰግናቸው ስሞክር «አደራ አይደል እንዴ?» ብለው ብርዛቸውን ጠጡ።

ስመለስ ከያዝኳቸው ወጣት ሲራዎች ሁለቱን በዚያው ግድግዳ ሥር አጋድሜ መጣሁ። በዚህ ጊዜ ግን እንደ መዝገብ ቤት ሹም ሆኜ፣ የተመረተበትን ዓመት፣ ወጣት ሳለ የቀመስኩትንና የአክስቴን ቃል በወረቀት ጽፌ በጠርሙሱ አንገት አሰርኩ። አንዱ ለሦስተኛው፣ ሌላው ለአምስተኛው ዓመት ጥምቀት ተቀጥሯል። ቁልፉ አክስቴ ዘንድ ነው፤ ሁለተኛው ቁልፍ ሐጂ ዘንድ። ወረቀቱ ላይ «ጌሾው በዝቶበታል» የሚለውም ሰፍሯል።